ጋሻው ዒላማ ሲሆን

ዛሬ ዛሬ ታርጌት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። የባንክ ሠራተኛው ታርጌት አለው፤ መድን የሚሸጠው ታርጌት አለው፤ ቤት የሚያሻሽጠው ደላላ ታርጌት አለው። የሰፈራችን ሊስትሮ እንኳ ባለፈው «የዛሬ ታርጌቴ ገና ነው» ብሎ ጫማዬን ቁልቁል ተመለከተ። ጫማዬ ንጹሕ ነበር። ታርጌቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም።

ቃሉን ከእንግሊዝኛ ነው ያመጣነው። እነሱ ይመቱታል፤ እኛ እንሞላዋለን። «ሞላልህ?» «የት ሞልቶ! ገና ግማሽ ላይ ነኝ።» ተኳሽ የሰጠንን ዒላማ ተቀብለን ጎታ አደረግነው ማለት ነው። ገበሬ ያሳደገው ሕዝብ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው መሙላትን ነው።

የእህቴ ልጅ ባንክ ቤት ትሠራለች። ወር ሊያልቅ ሲል ስልኬ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? እትዬስ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ?»

ከብት እንደሌለኝ ታውቃለች። ሰላምታ ከብት ድረስ ከሄደ ግን ጉዳይ አለ።

«ሁሉም ደኅና ነው። ስንት ጎደለሽ?»

«ኧረ ጋሼ! እንዲያው ሌላ ባንክ ያለችዎትን ወደ እኛ ቢያዞሯት ብዬ ነው። ወሩ ሲዘጋ መልሰው ይወስዷታል።»

ገንዘቤ እንዲህ እየተጋበዘች እንግድነት ትሄዳለች። እኔ ክረምት ከበጋ ከአዲስ አበባ ሳልወጣ፣ እሷ ከባንክ ባንክ ስትዞር አገር አይታ ጨረሰች።

የሚገርመው ነገር «ታርጌት» ድሮ የሚተኮስበት ዕቃ አልነበረም። ጋሻ ነበር። ፈረንሳዮች ቀላሏን ጋሻ «ታርዥ» ይሏት ነበር፤ ከእሷ ያነሰችው ደግሞ «ታርጌት» ተባለች፤ እንግሊዞች ወረሷት። ወታደሩ ክንዱ ላይ አጥልቆ ነፍሱን የሚያድንባት ክብ ነገር ናት። ኋላ የተኩስ ልምምድ ላይ ክብ ነገር አቁመው ይመቱ ጀመርና፣ ቅርጹ ጋሻዋን ስለሚመስል ስሟን ሰጡት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከምት የምታድነው ዕቃ ምት የሚያርፍባት ሆነች።

«ጋሼ» የሚለውስ ከየት መጣ? «ጋሻዬ» ከማለት አይደል? ታላቅን፣ መከታን፣ ከፊት የሚቆመውን የምንጠራበት ነው። የእህቴ ልጅ እንግዲህ ስልክ አንስታ «ጋሻዬ» ትለኝና ታርጌት ታደርገኛለች። እንግሊዞች ዘመን ቆጥረው የገለበጡትን ጋሻ እሷ በአንድ ስልክ ጥሪ ገልብጣው ቁጭ ትላለች።

እንግሊዝኛ ቀስተኛ ያሳደገው ቋንቋ ነው። ዓመቱን በፈረንጅ ልቁጠረውና፣ በ1346 ክሬሲ ላይ የእንግሊዝ ቀስተኞች የፈረንሳይን ፈረሰኛ አረገፉት። ንጉሣቸው ኤድዋርድ 3ኛ ይህን ያየ ሰው ነውና በ1363 አዋጅ አስነገረ፦ ጤነኛ የሆነ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ቀስት ይለማመድ፤ እግር ኳስ፣ የእጅ ኳስ፣ ዶሮ ማዋጋት የሚባል ነገር ቀርቷል። በበዓል ቀን እንጨት መፍለጥ ነውር ነው እየተባለ ለኖረ ሰው አዋጁ ትንሽ ይከብዳል። የባሰው ግን እግር ኳስ መከልከሉ ነው። ንጉሡ ዛሬ ከመቃብር ቢነሣና ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ካፌ ቢገባ፣ የመሣሪያ ፋብሪካ ስም የያዘ፣ አርማው ላይ መድፍ ያለበት የለንደን ቡድን ኳስ ሲጫወት ሐበሻ ወንበር ላይ ቆሞ ሲያለቅስለት ያያል። አዋጁ የት እንደ ገባ ቢጠይቅ ማን መልስ ይሰጠዋል?

የእኛ የስፖርት ጋዜጠኞችም አይቻሉም። ኳሷ ወደ ጎሉ አቅጣጫ ከሄደች «ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ» ይላሉ። ተኳሹን ዘበኛ አደረጉት። ጋሻውን ዒላማ ያደረገ ቋንቋ ለካ መልስ የሚሰጠው አላጣም፤ አማርኛ ዒላማውን መልሶ ያስጠብቀዋል።

በየመንደሩ የሚለማመዱበት የአፈር ቁልል ደግሞ «ባት» ይባል ነበር፤ ለንደን ውስጥ ስሙ ከዚያው ነው የሚባል ሰፈር እስካሁን አለ። ዛሬ «ባት» ማለት በየጨዋታው ቀልድ የሚወረወርበት ምስኪን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ ሻይ ሰዓት ላይ ዘግይቶ ከመጣ ሻዩም ጨዋታውም ሳይጀመር ይጠብቀዋል። የውድድሩ የመጨረሻ ቀስት «አፕሾት» ይባላል፤ ዛሬ ትርጉሙ የነገር መቋጫ ነው። ቀስተኞቹ ቢያንስ የመጨረሻ ቀስት ነበራቸው፤ የእኛ ስብሰባ እኮ መቋጫው ሌላ ስብሰባ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ «ሉፕሆል» ነው። የሕግ ቀዳዳ እንለዋለን። መጀመሪያ ግን የምሽግ ግንብ ላይ ቀስት የሚወረወርበት ስንጥቅ ነበር። ከውጭ ሲያዩት እጅ አያስገባም፤ ከውስጥ ግን ቀስተኛው እንደ ልቡ እንዲዞር ሰፊ ነው። ሕጉ ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ ውጭ ለቆመ አይታይም፣ ውስጥ ላለ ሳሎን ነው።

ማነጣጠር ራሱ በእንግሊዝኛ «ኤም» ነው፤ ሥሩን ቢቆፍሩት ከላቲን ግምት ጋር ይገናኛል። ተኳሹ ገምቶ ነው የሚለቀው ማለት ነው። እኛ ከዚህም እንሻላለን፤ ያነጣጠረም አለመ እንላለን፣ ተኝቶ ያየም አለመ እንላለን። ዜና ላይ «ግንዛቤ ማስጨበጥን ያለመ አውደ ጥናት በቢሾፍቱ ተካሄደ» ሲባል የትኛው ማለም እንደሆነ የሚያውቀው ተሳታፊው ብቻ ነው። ምሳ በልተው የገቡበትን የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ያየ ሰው ግን ብዙ አይጠራጠርም።

እንግዲህ ቀስቱ ይህን ያህል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መንጠቆው ነው። ቀስተኛ ጠላትነቱን አይደብቅም፤ ዓሣ አጥማጅ ግን ምሳ ጋብዞ ነው የሚይዝህ።

በእንግሊዞች ስምም መንጠቆ አለበት ይባላል። በጥንቱ ቋንቋቸው «አንግል» መንጠቆ ነው። አንግሎች የሚባሉት አባቶቻቸው የመጡት ዛሬ ሰሜን ጀርመን ካለችው አንገልን ከምትባል አገር ነው፤ ስሟ የወጣላት ምድሯ ስለ ጎበጠ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ከዚያ ነው እንግሊዝ የተባለው። ቤዳ የሚባል መነኩሴ በ731 በጨረሰው ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆነው ጎርጎርዮስ ሮም ገበያ ላይ ለሽያጭ የቀረቡ መልከ መልካም ልጆች አየ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ቢል «አንግሎች ናቸው» አሉት። እሱም ፊታቸው የመላእክት ፊት ነው ብሎ አደነቀ፤ በላቲን ሁለቱ ቃላት ለጥቂት ነው የሚለያዩት። በአንዲት ፊደል መንጠቆው ክንፍ አወጣ። ኋላ በ1868 መቅደላ ድረስ የተወረወረው ግን ክንፍ ያለው አልነበረም፤ ብዙ የብራና መጽሐፍ ይዞ ተመልሷል፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ የሄደ ያገኛቸዋል።

ዓሣ ማጥመድንም መጽሐፍ አድርገውታል። በ1496 ዌስትሚንስተር ላይ በመንጠቆ ስለ ማስገር የሚያስተምር ጽሑፍ ታተመ፤ ጸሐፊዋ ጁሊያና በርነርስ የምትባል እመ ምኔት ናት ይባላል። በ1653 ደግሞ አይዛክ ዋልተን የሚባል የለንደን ነጋዴ ስለ ዓሣ አጥማጅ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ጊዜውን ልብ በሉ። የእርስ በርስ ጦርነት ተካሂዷል፤ ንጉሡ ከተሰየፈ ገና አራት ዓመቱ ነው። ሰውየው ግን ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ስለ ትልና ስለ እንቁራሪት ይጽፋል። ዘጠና ዓመት ኖረ። በፖለቲካ የተቃጠለ ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ይንገረው።

እኛ ደገኞች ዓሣን የምናውቀው በጾም ክርክር ነው። ይበላል፣ አይበላም፣ ደም አለው፣ የለውም ስንባባል ጾሙ ይፈታል። ጣና ላይ በታንኳ የኖሩት ወይጦዎች ይህን ሁሉ ስንከራከር አጥምደው፣ ጠብሰው፣ በልተው ጨርሰዋል። ምሳሌያችንም ከሩቅ የሚያይ ሰው ምሳሌ ነው፦ ዓሣን መብላት በብልሃት፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ይህ የዘንዶው ነገር ፍርድ ቤት ቢደርስ መልካም ነበር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጠበቆች ተቃዋሚያቸው ምንም ማስረጃ ሳይዝ «እስቲ የአሥር ዓመት ሰነድ ይቅረብልኝ፣ አንድ ነገር አይጠፋም» ሲል «ይሄ ዓሣ ማጥመድ ነው» ብለው ይቃወማሉ። እነሱ የሚያዝኑት ለኩሬው ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ያዘኑት ግን ለጎርጓሪው ነው። የባሏን ስልክ ሌሊት ስትበረብር ያደረች ሴት የትኛው ሕግ እንደሚሻል ታውቃለች።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካን ኦንላይን የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ የሰው የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ልጆች ሥራቸውን «ፊሺንግ» አሉት። ያው ዓሣ ማጥመድ ነው፤ የፊደሉን አጻጻፍ ብቻ ለውጠውታል። ሌባ ሲማር መጀመሪያ የሚያበላሸው ፊደል ነው። ተታላዩንም እንግሊዝኛው መንጠቆውን፣ ክሩን፣ እርሳሱን ሁሉ ዋጠ ይለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ዘመድ ጠርቶ ያለቅሳል፤ ዘመድም «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ቁስሉ ላይ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል።

ጎረቤታችን እማማ ግን ሌላ ናቸው። እሳቸው ቤት ቡና ስንጠጣ ስልካቸው ጮኸ። ድምፅ ማጉያውን ከፈቱት፤ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል።

«እንኳን ደስ አለዎት! ሽልማት ደርሶዎታል!»

«አሜን፣ አብሮ ይስጠን። የማን ልጅ ነህ?»

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው፣ እናቴ። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ።»

«እሱ ይደርሳል። እናት አባት አሉ?»

ዝም አለ። «አሉ።»

«ተመስገን። ከየት አገር ናችሁ?»

ልጁ ሳይወድ አገሩን ተናገረ። እማማ ለጸበል የሄዱበት አገር ሆኖ ተገኘ። ያረፉበትን ቤት፣ የሰጧቸውን አልጋ፣ የዘነበውን ዝናብ ነገሩት። የቤቱን እመቤት ያውቃት እንደሆነ ጠየቁት። በመሃሉ ልጁ «ቁጥሩን፣ እናቴ፣ ቁጥሩን» እያለ ይለማመጣል፤ እማማ ሁለተኛውን ቡና ይቀዳሉ። ኋላ ትንፋሹ ሲያጥር ጊዜ፣ «ልጄ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ። ሽልማቱን ለእናትህ ላክላት። ደውለህላት ታውቃለህ ለመሆኑ?» አሉት።

ስልኩ ተዘጋ።

«ሒሳቡ አለቀበት መሰለኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ እማማ፣ ስኒያቸውን እያነሡ።

አጥማጆች መንጠቆ የነከሰ ዓሣን ወዲያው አይጎትቱትም። ክሩን ይለቁለታል፣ ይሮጣል፤ ይስቡታል፣ ይታገላል፤ ሲደክም ነው የሚያወጡት። እንግሊዝኛው ይህን ማጫወት ይለዋል። እማማ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ጨዋታ ግን ያውቃሉ።

ያ ልጅ ቢያንስ ይደውላል። ፌስቡክ ላይ ያለው ግን ሳይታይ ነው የሚሠራው። «ትሮል» የሚሉትን ሁላችንም ግዙፍ ጭራቅ ይመስለናል፤ ሥራውን ያገኘው ግን ከሚሄድ ጀልባ ኋላ ማጥመጃ እየጎተቱ ዓሣ ከመያዝ ነው። አንድ መርዘኛ ዓረፍተ ነገር ይጥልና ይሄዳል፤ እኛ ከኋላ ተሰልፈን እንነክሳለን። በሐሰት ፎቶ የፍቅር ጓደኛ የሚሆነው ደግሞ በ2010 ከወጣ አንድ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም ወዲህ «ካትፊሽ» ይባላል። ይህች ዓሣ በእኛ አገር አምባዛ ናት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥብሷን የበላ ሰው ግን ይመሰክርላታል፤ ከሆነችው በቀር ሌላ ሆና አታውቅም።

ዓሣ ለስብሰባም ያገለግላል። በጭስ ደርቆ የቀላ፣ ሽታው የሚከረፋ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ አላቸው። ዊልያም ኮቤት የሚባል ጋዜጠኛ በ1807፣ ልጅ ሳለ በዚህ ዓሣ አዳኝ ውሾችን ከጥንቸሏ ዱካ እንዳሳተ ጻፈ። ሊል የፈለገው ግን ስለ ውሻ አልነበረም፤ ናፖሊዮን ተሸነፈ በሚል የሐሰት ወሬ ተታለው ዋናውን የአገር ጉዳይ የረሱትን ጋዜጦች ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገር ማስቀየሻ ሁሉ ቀይ ሄሪንግ ተባለ።

የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይህ ዓሣ አይጠፋም። አንዱ ተነሥቶ «የውሃ ፓምፑ ገንዘብ የት ደረሰ?» ይላል። ዝምታ። ገንዘብ ያዡ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከጥግ አንድ ድምፅ ይነሣል፦ «ገንዘቡስ ይደርሳል፤ ግን የሦስተኛ ፎቅ ውሻ ሌሊት ሌሊት መች ያስተኛናል?» በቃ። የውሻው ባለቤት ትነሣለች፤ ውሻው እንደማይጮኽ፣ የሚጮኸው የአራተኛ ፎቅ ሕፃን እንደሆነ ታስረዳለች። የሕፃኑ አባት ይነሣል። በረንዳ ላይ የሚሰጣው በርበሬ ይነሣል። ሲመሽ ሁላችንም ተቀያይመን፣ ፓምፑን ረስተን፣ በባልዲ ውሃ ይዘን ደረጃ እንወጣለን። የኮቤትን ውሾች ያሳታቸው ዓሣ ነው፤ እኛን ውሻው ራሱ አሳተን።

እንግሊዝኛን እንግዲህ በዚህ ዓይን ካያችሁት ሰው ሁሉ ወይ ዓሣ ነው ወይ ዒላማ። ሥራ የሚፈልግ ይወረውራል፤ ሥራ የሚሰጥ ያጠምዳል፤ ምስጋና የሚወድ ለሙገሳ መንጠቆ ይጥላል። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። አለቃ ሲጠላን «ጥምድ አድርጎ ያዘኝ» እንላለን፤ በሬም ዓሣም ወጥመድም ባንድ ቃል ነው የሚጠመደው። ልዩነቱ፣ የተጠመደ በሬ ቢያንስ ማታ ይፈታል።

ከቀስተኞች ሁሉ የረቀቁት ግን እንግሊዞች አይደሉም፤ ፓርቲያኖች ናቸው፤ የጥንት ፋርስን ይገዙ የነበሩ ፈረሰኞች። የሸሹ መስለው ፈረሳቸውን እያስጋለቡ፣ ወገባቸውን ዞር አድርገው ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ክርስቶስ ከመወለዱ 53 ዓመት በፊት ካሬ ላይ የሮማን ጦር እንዲህ አድርገው ፈጁት። አልሸሹም፣ ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ተሰናባች በር ላይ የሚወረውራትን ነገር «ፓርቲያን ሾት» ይላታል፤ «ፓርቲንግ ሾት» የሚሉም አሉ፤ የስንብት ምት።

በዚህስ የሚያህለን የለም። እንግዳ ከሰዓት መጥቶ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ልጅ ይመርቃል። ምንም አልፈለገም። ብድግ ይላል፣ እንሸኘዋለን፣ አጥር በር ላይ እንደገና እንሳሳማለን። አንድ እግሩ ውጭ ከሆነ በኋላ ነው ወገቡን ዞር አድርጎ «እንዲያው ለነገሩ...» የሚለው።

ባለፈው እማማን እንዲህ ያለ ዘመድ መጣባቸው። ሁለት ሰዓት ተጫውቶ፣ ማምሻውን በር ላይ ዞረና፣ «እንዲያው ለነገሩ እማማ፣ እስከ ደመወዝ ድረስ ትንሽ ገንዘብ...» አላቸው።

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ውይ ልጄን! ምነው ውስጥ ሳለን ብትለኝ ኖሮ? እዚህ ብርድ ላይ ከማቆምህ፣ እዚያው ምድጃው ጋ ተቀምጠህ እምቢ እልህ ነበር።»